ነፋስ ያረስሁበት የሚካኤል ለት

ቅናት የሚባለውን ነገር አገሬው ለሴት ሰጥቶት ይኖራል። ጣውንት ትቀናለች፣ ምራት ትቀናለች፣ አማት ትቀናለች ይባላል። ወንድ ሲቀና ግን ስሙ ይለወጥለታል። ጎልማሳ ሲቀና «ተቆጣ» ይባላል። ሽማግሌ ሲቀና «መከረ» ይባላል። ደብተራ ሲቀና ደግሞ «ዜማው ተሰብሯል» ብሎ የባልንጀራውን ያርማል። ገበሬማ ሲቀና ወደ ሰማይ ያያል፤ ዝናቡ ከድንበሩ ወዲያ ወርዶ ከድንበሩ ወዲህ የቀረ ጊዜ ሙግቱ ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከላይኛው ጋር ነውና፣ የላይኛው ደግሞ ለሽማግሌ አይጠራም። አባት በልጁ የተነሣ ሲቀና ምን እንደሚባል ግን የነገረኝ ሰው የለም። ፈልጌም አላገኘሁለት። ስም ባጣሁለት ጊዜ ነው የወገብ ሕመም ብዬ የጠራሁት።

እንዴት ብትሉኝ፣ ከራሴ ልጀምር። እኔ የእስቴ ገበሬ ነኝ፤ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ። ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ትቶኛል፤ ወይም እኔ ትቼዋለሁ፤ ማን ማንን እንደተወ እስከ ዛሬ አልተጣራም። ቃል አላበዛም። አባቴም አያበዙም ነበር። እንግዳ ቤቴ ገብቶ «እንዴት ከረማችሁ?» ሲለኝ የምመልሰው «ይመስገን» ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ባለቤቴ የሺ ትጨርሰዋለች። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለእኔ ጎተራ የተተረተ ይመስለኛል፤ ይኸው ዕድሜ ልኬን አከማችቼ አንድም ነቀዝ አልገባው። ታዲያ ይህን ሁሉ ምን አስቀባጠረህ ትሉኝ ይሆናል። ወረቀት ዓይን የለውም። ዓይን ዓይኔን እያየ «እሺ፣ ከዚያስ?» አይለኝም። ከአፌ የማይወጣው ከእጄ ቢወጣ የሚጎዳው እስክርቢቶው ነው።

ትርንጎ የምትባል ልጅ አለችኝ። የመጨረሻ ልጄ ናት፤ ወንድሞቿ ትዳር ይዘው ወጥተዋል። ቁመቷ ከጓሯችን ባሕር ዛፍ ጋር እሽቅድምድም ገጥሞ፣ ባሕር ዛፉን ስለቆረጥነው ነው እሷ የቀደመችው። አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ትምህርቷን እየተማረች ለዩኒቨርሲቲው መረብ ኳስ ትጫወታለች። መረብ ኳስ ማለት፣ ለማያውቀው፣ ኳስ መሬት እንዳትነካ ስድስት ሰው በአንድ በኩል፣ ስድስት ሰው በሌላ በኩል የሚጨነቅበት ጨዋታ ነው። እኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ዘር መሬት እንዲነካ እንጨነቃለን። ሥራ የያዘው ሰው ብዙ ነው።

እሁድ እሁድ ትደውላለች። የምታወራው ከእናቷ ጋር ነው። ምን እንደሚያወሩ ባላውቅም የሺ ትስቃለች፣ ትቆጣለች፣ እንደገና ትስቃለች፣ ሽሮ ያርርባታል። እኔ መደብ ላይ ተቀምጬ ጅራፍ እጎነጉናለሁ። በመጨረሻ የሺ ስልኩን ትዘጋና «ሰላም ብላሃለች» ትለኛለች። «ይመስገን» እላለሁ። የእኔና የልጄ ወሬ ይኸው ነበር። እሱም ሳይነቅዝ ብዙ ዓመት ቆየ።

ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ እንደገባች፣ ትርንጎ የቡድን ጓደኞቿንና አሰልጣኟን ይዛ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ወደ ቀበሌያችን መጣች። ረጃጅም ልጆች ናቸው፤ በትምህርት ቤቱ በር ጎንበስ ሳይሉ የሚገቡ አልነበሩም። እዚያው ክፍል ውስጥ ያድራሉ፤ ጠዋት ልጆች ያስጠናሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ የአቅመ ደካሞችን እርሻ ያርማሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ ሁለት እንጨት ተክለው መረባቸውን ይወጥሩና የቀበሌውን ወጣት ሰብስበው ያጫውታሉ፣ ያወያያሉ። ልጄ መጣች ብዬ በግ ባርድ ጾም ነው። ቤት ታድራለች ብዬ መደብ ባስለቅቅ «ከጓደኞቼ ጋር ነው የማድረው አባ» አለች። «ይሁን» አልሁ። ሆነ።

አሰልጣኙ ዳዊት ይባላል። አጠር ወፈር ያለ የከተማ ሰው ነው፤ ፊሽካውን እንደ ማተብ አንገቱ ላይ አስሮ ይውላል። ወሬ ይችላል። ከቄስ ጋር ሲቀመጥ የቄስ፣ ከሕፃን ጋር ሲቀመጥ የሕፃን ያወራል። ትርንጎ «ኮች» ትለዋለች። ኮች እንዳሉት፣ ኮች ሲያስተምሩን፣ ኮች ይህን አይወዱም። በአንድ አፍ ስንት ኮች ይገባል? እኔን በስሜ የጠራኝ ሰው በዚያ ሳምንት የለም፤ በመንገድ ያገኘኝ ሁሉ «የትርንጎ አባት» ነው የሚለኝ። እሷ ግን የማን ልጅ እንደሆነች አንድም ጊዜ ስትናገር አልሰማሁም።

አንድ ቀን ወደ ማታ ለወጣቱ ንግግር ታደርጋለች ተባለ። እኔም ገሳዬን ለብሼ፣ በሬ የጠፋበት ሰው መስዬ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ወዲህ ቆምሁ። ምን ልበላችሁ! ቤት ውስጥ ከ«እሺ አባ» ወዲያ ቃል የማላውቅባት ልጅ እንደ ወንጌል ሰባኪ ተናገረች። ሳትማሩ አትዳሩ አለች፤ ስልክ ላይ አትዋሉ አለች፤ ስትሸነፉ አትኳረፉ አለች። ሳቁላት፣ አጨበጨቡላት። ያ የእኔ ዘር የተባለ ዝምታ የት እንደሄደ እንጃ። ታዲያ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጃገረድ እጇን አውጥታ «እትዬ፣ እዚህ ያደረሰሽ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

እኔ ሞኙ ባርኔጣዬን አስተካከልሁ።

«ኮች ናቸው» አለች ልጄ። «እኔ ድምፄ የማይሰማ ፈሪ ነበርሁ። ኳሷን ስትፈልጊ 'የእኔ!' ብለሽ ጩኺ እያሉ ያስጮኹኝ እሳቸው ናቸው።» ወጣቱ አጨበጨበ። ዳዊት ፊሽካውን ይዞ አቀረቀረ።

በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይላሉ። ፈረሱ ማን እንደሆነ አይታችኋል። አህያው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ወደ ቤቴ ስመለስ በሆዴ ስከራከር ነበር። ያንን ክንድ ያጠነከረው በማን ማሳ ላይ የተያዘ መኮትኮቻ ነው? ዝላዩንስ ከየት ተማረችው? ወንዛችን ሲሞላ ጥጃ ተከትላ ከድንጋይ ድንጋይ ስትዘል ኮች የት ነበር? ይህን ለማን ልናገር? ጎተራዬ ውስጥ ጨመርሁት። ያን ጊዜ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የነቀዝ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

በማግስቱ የባሰው መጣ። ጤፌ አረም ውጦታል። የዚያ ክረምት ዝናብ ለጤፉም ለአረሙም አላዳላም። ከእኔ ድንበር ወዲያ ያለው ማሳ የአያ ውበቱ ነው። አያ ውበቱ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ጉልበታቸው የከዳቸው፣ ምላሳቸው ግን ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ማሳዬ ላይ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ረጃጅሞቹ ልጆች በሙሉ ከእነ አሰልጣኛቸው አያ ውበቱ ማሳ ውስጥ ተሰልፈዋል። ትርንጎ ከመካከል ናት። አያ ውበቱ ጋቢ ተከናንበው ድንበሩ ላይ፣ በእኔ በኩል፣ ተቀምጠዋል።

«ልጅህ እኮ ወርቅ ናት!» አሉኝ ጮክ ብለው።

«ይመስገን።»

«ወርቅ! ተመልከት እንግዲህ፣ የእኔን ስታርም! የአንተንስ መቼ ነው የምታርምልህ?»

የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል ሰምቻለሁ። የራስ ወርቅ ሰው ጋ ሄዶ ሲያደምቅ ምን እንደሚባል ግን ተረት የለውም። ትርንጎ ሰማች መሰል፣ ወደ ድንበሩ መጥታ ጭቃ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ «አባ፣ ደህና አደሩ? የእርስዎማ እርስዎ አሉለት። እኛ የምናግዘው የደከሙትን ነው» አለችኝ። ለሙገሳ ብላ ነው። ዛሬ ይገባኛል። ያን ለት የሰማሁት ግን ልጄ ማሳዬን እንድትረግጥ ከፈለግሁ መድከም እንዳለብኝ ነው።

እኔም ደከምሁ።

ማታውን ራት ቀርቦ ሳልነሣ ቀረሁ። የሺ «ምነው?» አለች። «ወገቤን» አልሁ። እድሜ ልኬን «አመመኝ» ያላልሁ ሰው ነኝ፤ በሬ ወግቶኝ እንኳ ሰው የነገረኝ ቁስሉን አይቶ ነው። የሺ ምድጃው አጠገብ ቆማ ብዙ አየችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ያመመህ ወገብህን ነው ወይስ ዓይንህን?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ሃያ ምናምን ዓመት አብሮህ የኖረ ሰው ፊት መታመም ከባድ ነው።

ወሬ በገጠር እግር የለውም፤ ክንፍ ነው ያለው። ጠዋት ገና ጎሕ ሲል ትርንጎ እየሮጠች ገባች። «አባ! ምን ሆኑ?» ብላ መደቡ ሥር ተንበረከከች። ጨው አሙቃ በጨርቅ ቋጥራ ወገቤ ላይ አደረገችልኝ። እጇ ሰፍቷል፤ ከሕፃንነቷ ወዲህ እጇ እንዲህ ቀርቦኝ አያውቅም። ዳዊትም ተከትሏት መጥቶ «አባቴ፣ እግዜር ይማርዎት» አለኝ። «አሜን» አልሁ በደከመ ድምፅ። በደከመ ድምፅ መናገር እንዴት ይመቻል! ጥቂት ቃል ብትናገር ማንም አይታዘብህም።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ነገሥሁ። ቡድኑ እንዳለ ማሳዬ ውስጥ ገባ። ትርንጎ «አባ ብቻቸውን አይሆኑም» ብላ ከትምህርት ቤቱ ወደ ቤት ጠቅልላ መጣች። ማታ ማታ አጠገቤ ተቀምጣ ታወራልኛለች፤ በየት በየት አገር ሄደው እንደተጫወቱ፣ አንድ ጊዜ ተሸንፈው አውቶቡስ ውስጥ ሁሉም ሲያለቅሱ ሹፌሩም አብሯቸው እንዳለቀሰ። እኔ «እህ» እላለሁ። አንድ ምሽት «ከዚያስ?» አልሁ። የሺ ከምድጃው ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያስ! እኔ!

ቀን ቀን ደግሞ በር ላይ ፀሐይ እሞቃለሁ ብዬ ከዘራ ይዤ እወጣና ዳዊትን አየዋለሁ። ከተሜ ወገብ ለአረም አልተሠራም። ጭቃው እስከ ጉልበቱ፣ ፊሽካው ጤፍ መሐል እየተንጠለጠለ፣ ቀና ባለ ቁጥር ወገቡን በሁለት እጁ ይይዛል። የእኔን በሽታ እሱ ታመመልኝ። ያን እያየሁ ሰባት ዓይነት ወጥ የቀረበልኝ ያህል ጠገብሁ። አያ ውበቱ ብቻ አላረፉልኝም። በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና «እኔን ያደከመኝ እርጅና ነው። አንተን ያደከመህ ማን ነው?» አሉኝ። ሽማግሌ የሚያውቀውን ሲጠይቅ መልስ አይጠብቅም።

ጾም መሐል ጮማ የበላ ሰው ጥጋቡ እስኪያልፍ ነው። ሚካኤል ነገ ሊሆን ዛሬ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ጥሎ ሁሉም ከማሳው ወጥቶ ጣራ ሥር ተጠለለ። ዳዊትና ትርንጎ ከቤቴ ክፈፍ ሥር፣ ከመደቤ ግድግዳ ወዲያ ቆመዋል። ጭቃ ግድግዳ ምስጢር አይዝም።

«ኮች፣ እኔ ዘንድሮ አልመለስም» አለች ልጄ። «አባ እንደሚያዩአቸው ናቸው። እናቴ ብቻዋን ናት። ነገ ከሚካኤል ቅዳሴ በኋላ ለወጣቱ ስሰናበት እዚሁ እንደምቀር እናገራለሁ። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ ነው። አሸነፍሁ! አልሁ በሆዴ። ልጄን አስመለስሁ። ቀጥሎ የዳዊትን መልስ ጠበቅሁ። ያ አንደበተ ርቱዕ ሰው ይሟገታታል፣ ይለምናታል፣ ትምህርትሽስ ይላታል፣ ያኔ ይጠየፈኛል፣ እኔም እጠየፈዋለሁ ብዬ ተዘጋጀሁ። ዝናቡ ሲወርድ ብቻ ይሰማኛል። ሰውየው ዝም አለ። ዝም ማለት የእኔ ነበር፤ እሱንም ወሰደብኝ። ብዙ ቆይቶ «አባት ይቀድማል» አለ። «ኳስ የትም አይሄድም። አባት ይቀድማል።» ድምፁ ግን እንደ እርጥብ እንጨት ነበር፤ አልነደደም፣ ጨሰ።

እስቲ ፍረዱኝ። እሱ ያሳደጋትን፣ ያስጮኻትን ልጅ ለእኔ ብሎ ለቀቀ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እለቅ ነበር? በገመድ ቢጎትቱኝ አልለቅም። ቅናቴ ይበርዳል ስል ጭራሽ ጨመረ፤ እስከዚያ በወሬው ነበር የምቀናበት፣ ከዚያ ወዲያ በደግነቱ ቀናሁ። ደግሞ ልጄን አሰብኋት። መካነ ኢየሱስ ገበያ ላይ ዘንቢል ይዛ፣ የድሮ ጓደኞቿ በቴሌቪዥን ሲዘሉ ስታይ። ያ ሁሉ ቁመት ለማውረጃ የሚሆን ነገር ቤቴ ውስጥ የለም። ጣራዬ እንኳ አይበቃትም።

ወገቤን አላመመኝም ብትላት ምን ነበረ? ትሉኝ ይሆናል። አልኋትኮ! ማታ ብቻችንን ስንሆን ጠራኋት።

«ትርንጎ።»

«አቤት አባ።»

«ወገቤ... ደህና ነው። አላመመኝም።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «እንዳልቀር ብለው ነው» አለች። «ግድግዳው እንደሚያሰማ አውቃለሁ፤ ሰምተውናል። አባ፣ አመመኝ ብለው የማያውቁ ሰው አንዴ ካመመኝ አሉ፣ ተሻለኝ ቢሉ ማን ያምናል?» ብላ እጄን ስማ ወጣች።

አያችሁ ዕዳዬን! ዕድሜ ልኬን እውነት ብቻ ስናገር ኖሬ አንድ ውሸት ብጨምርበት፣ እውነቴን ሁሉ ውሸቱ ወረሰው። ቃል ጥቂት ያለው ሰው አንዷ ስትበላሽበት የሚተካት የለውም።

ስለዚህ በቃል ሳይሆን በዓይን ማሳየት ነበረብኝ። እሷ ብቻ ሳትሆን ቀበሌው ሁሉ ያየ እንደሆነ ነው የማትክደኝ። ቀበሌው ሁሉ የሚሰበሰበው ነገ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። ከሜዳው አጥር ጋር የተያያዘ ለጓያ የማለሰልሰው መሬት አለኝ። በሬዎቼን ጠምጄ እዚያ ላይ አንድ ሁለት ትልም ባወጣ ማን በሽተኛ ነው ይለኛል? ችግሩ አንድ ነው። ነገ ሚካኤል ነው። በሚካኤል ማረስ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ፣ የጎረቤትን ቤት ማቃጠል ይቀልላል። በረዶ ቢወርድ የአንተ ነው፣ ተምች ቢመጣ የአንተ ነው፣ የሰው ላም ብትጨነግፍም የአንተ ነው። እኔ ደግሞ በዓል የሻረ ዘር የለኝም። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ አንድ መላ አገኘሁ፤ ገበሬ ብቻ ሊያገኘው የሚችል መላ።

ማረሻውን አወለቅሁት።

የሺ ከቅዳሴ ስትመለስ ደጃፍ ላይ በሬዎቼን ጠምጄ አገኘችኝ። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «አንተ ሰውዬ! በሚካኤል?»

«ማረሻ የለውም» አልኋት።

«አንተስ አእምሮ አለህ?» አለች።

ማረሻ ማለት ብረቱ ነው፤ ብረት የሌለው ሞፈር እንጨት ነው። እንጨት ይዞ መዞር በየትኛው መጽሐፍ ተከለከለ? ግን እንጨቱም ቢሆን እርጥብ አፈር ከነካ ይቧጭራል፤ ከቧጨረ ትልም ነው፤ ትልም ከሆነ ሚካኤል ያየዋል። ስለዚህ መያዣውን፣ እርፉን፣ በሁለት እጄ አንጠልጥዬ፣ ጫፉ አፈር ሳይነካ፣ በአየር ላይ ለማረስ ቆረጥሁ። ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ሳትሞክሩ አታውቁም፤ አትሞክሩም።

ትርንጎ መሐል ሜዳ ቆማ ንግግሯን ጀምራለች። ሰው ጢም ብሏል፤ ነጭ የለበሱ እናቶችም አሉ። «ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ስለ ራሴ ነው፤ እኔ ዘንድሮ...» ስትል «ቦራ! ወይኖ! ሂድ!» ብዬ ጅራፌን አጮኽሁት። ድምፅ አልነበረኝም ያለው ማን ነው? ሰው ሁሉ ዞረ። በሬዎቹ ቀለላቸው መሰል፣ እኔን እየጎተቱ በጭቃው ተፈተለኩ። እኔ እርፉን ወደ ላይ እጎትታለሁ፣ እነሱ ወደ ፊት ይጎትታሉ፤ ወገቤ ከሁለቱ መሐል ነው። ከሜዳው «ኧረ በዓል ሻረ! ሚካኤልን!» የሚል ጩኸት ተነሣ። አንዲት ባልቴት አማተቡ። አያ ውበቱ «ደከመኝ ያለው ሰውዬ አይደል?» ሲሉ ከሁሉ በላይ ተሰሙ። ዳዊት ፊሽካውን ነፋ። ልማድ ሆኖበት ነው፤ ጥፋት ሲያይ ይነፋል።

ትርንጎ አጥሩ ድረስ መጣች። መጀመሪያ ፊቴን አየች፤ ወደ አጥሩ ስመለስ ደግሞ እግሬ ሥር ወደ መሬቱ አየች። የገበሬ ልጅ ናት። በስተኋላዬ ትልም የለም። ማረሻ የለም። ሞፈሩ አየር ላይ ነው። አፏን በእጇ ያዘች፤ የምታለቅስ መሰለኝ። ሳቅ ነው። ከሕፃንነቷ ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ ነው። ከዚያ እጆቿን አፏ ዙሪያ አድርጋ በዚያ ኮች ባወጣላት ድምፅ ጮኸች፤

«የእኔ! ያ የእኔ አባት ናቸው! አባ፣ መሬት እንዳያስነኩት!»

ረጃጅሞቹ ልጆች ገባቸው። «እንዳያስነኩት! እንዳያስነኩት!» እያሉ ማጨብጨብ ጀመሩ። ሜዳው ሁሉ ተከተላቸው። እኔ አንድ ዙር ልዞር ነበር ያሰብሁት፤ ያን ሲሉኝ ሁለተኛውን ዞርሁ። ሞኝ አትበሉኝ። በሕይወታችሁ አንድ ጊዜ ቢጨበጨብላችሁ እናንተም ትዞራላችሁ።

ወደ ሜዳው ስትመለስ ምን ልትናገር እንደነበር ያስታወሳት የለም፤ እሷም አላስታወሰችም። «የጀመርሁትን ረስቼዋለሁ። ማን እዚህ አደረሰሽ ብላችሁኝ ነበር አይደል? እኔ የማውቀው የሚያስጮኸኝን ብቻ ነበር፤ ዝም የሚለኝን አልቆጠርሁም» ስትል እስከ አጥሩ ተሰማኝ። የቀረውን አልሰማሁም። እርፉን አስቀምጬ ቀና ልል ብል ቀና አላልሁም።

ከቡሄ ማግስት፣ ትርንጎም አብራ፣ ከመካነ ኢየሱስ በአውቶቡስ ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። ዳዊት ሲሰናበተኝ ጎንበስ ብሎ «አባቴ፣ የእርስዎ ዓይነት ወገብ ቢኖረኝ አገር አስለቅቅ ነበር» አለኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ ተሰናበትሁት። እሱ ለአክብሮት ነው፤ እኔ ቀና ማለት ስላልቻልሁ ነው።

የነፍስ አባቴ ጠሩኝ። «ማረሻ አልነበረውም አባ» ብዬ ተከራከርሁ። «በሬው ማረሻ አያውቅም፣ ቀንበር ነው የሚያውቅ። ሚካኤል ለአንተ ብቻ ነው እንዴ? ለበሬም ነው» አሉኝ። ስግደት ሰጡኝ። በዚያ ወገብ! እያንዳንዷን ስወርድ ሚካኤልን፣ ስነሣ ዳዊትን እያሰብሁ ጨረስኋት። በረዶም ሳይወርድ ዓመቱ አለፈ፤ ቢወርድ ኖሮ ይህን የምጽፈው ከሌላ አገር ነበር።

አሁን እሁድ እሁድ ስልኩ ሲጠራ የሺ አታነሣውም። «የአንተ ነው» ብላ ትወረውርልኛለች። ትርንጎ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «አባ፣ ወገብዎ እንዴት ነው?» ትለኛለች። «ያመኛል» እላታለሁ። ትስቃለች። እስኪበቃት ትስቃለች። ከዚያ የሰሞኑን ታወራልኛለች፤ ኮች ዛሬም በየመሐሉ አለ፣ ዛሬም ይቆረቁረኛል፤ «ከዚያስ?» እላለሁ።

ወገቤ የእውነት ያመኛል። ያ ነፋስ ያረሰ ወገብ ከዚያ ወዲህ ተመልሶ ወገብ አልሆነም፤ ሲዘንብ ይነግረኛል፣ እንጨት ሳነሣ ይነግረኛል። ለየሺ ብነግራት ዓይንህን ነው ትለኛለች፤ ለአያ ውበቱ ብነግራቸው በምርኩዛቸው ሊመቱኝ ይደርሳሉ። ለልጄ ግን በየሳምንቱ እውነቱን እነግራታለሁ፣ በየሳምንቱ ትስቃለች። እንዲህ ብትስቅ ይሻላል። ያመነችኝ ለት ሁሉን ጥላ ትመጣለች።